የሄደችና የቀረች

ይሄን ልቦለድ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ እያለን ለኮርስ ስለታዘዘ ብቻ፣ ፈተና ላይ ሊመጣ የሚችለውን በሃይላይተር እያሰመርኩ፣ ከዛ ንባብ ትዝ የሚለኝ ስሞቹ ሲምታቱብኝ ነው። ሁለተኛውን አምና ክረምት። ዝናብ ይዞኝ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ አንጥፎ የሚሸጥ ልጅ ላስቲኩ ስር አስጠለለኝና ዝም ብዬ ከምቆም የደረደረውን ሳገላብጥ አገኘኋት፣ ቀጭን ናት፣ መቶ ገጽ ብትሞላ ነው፣ የኋላ ሽፋኗ ተገንጥሏል። ገዝቼ ቤት ገባሁ፣ ያን ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቼ ጨረስኳትና ከዛ በኋላም እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በእንግሊዝኛ «ሶ ሎንግ ኤ ሌተር» ነው የምትባለው፣ የተጻፈችው በፈረንሳይኛ ነው፣ እኔ በልቤ «እንዲህ የረዘመ ደብዳቤ» እላታለሁ። ጸሐፊዋ ማሪያማ ባ ሴኔጋላዊት ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1929 ዳካር ተወለደች፣ እናቷን በልጅነቷ አጥታ የእናቷ ወላጆች አሳደጓት፣ አስተማሪ ሆነች፣ ዘጠኝ ልጅ ወለደች፣ ከባሏ ተፋታች፣ እና የመጀመሪያ ልቦለዷ ሲወጣ 1979 ነበር። ሃምሳ ዓመቷ ማለት ነው። በዓመቱ ኖማ የሚባለውን የአፍሪካ የመጻሕፍት ሽልማት የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሆነች፣ በዓመቱ ደግሞ ሞተች። ሁለተኛ መጽሐፏ ታትሞ አላየችውም። ይሄን ሳስብ ሁሌ ሆዴን ይበላኛል፣ ያን ሁሉ ዓመት ይዛው የኖረችውን ነገር ለማውጣት የተሰጣት ጊዜ እንዴት ትንሽ ነበር።

ታሪኩ ለቅሶ ቤት ነው የሚጀምረው። ራማቱላይ የምትባል አስተማሪ፣ የ12 ልጆች እናት፣ ባሏ ሞዱ ልቡ ቀጥ ብሎበት በድንገት ሞቷል። ሙስሊም ስለሆኑ ባሏ የሞተባት ሴት 4 ወር ከ10 ቀን ሃዘን መቀመጥ አለባት፣ እና በዛ ጊዜ ውስጥ አሜሪካ ላለችው ለልጅነት ጓደኛዋ ለአይሳቱ ደብተር ላይ መጻፍ ትጀምራለች። መጽሐፉ በሙሉ ያ ደብተር ነው።

መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ድንኳን ስር ራማቱላይ አጠገብ አንዲት ልጅ እግር ተቀምጣለች፣ ቢኔቱ፣ ጣውንቷ። የገዛ ልጇ የዳባ የክፍል ጓደኛ የነበረች፣ እነሱ ቤት እየመጣች ለፈተና አብራ ስታጠና የነበረች ልጅ። የባልየው እህቶች ሁለቱንም እኩል ያስተናግዳሉ፣ የ30 ዓመት ትዳርና የ5 ዓመት ትዳር እኩል፣ 12 መውለድና 3 መውለድ እኩል፣ በዛው ቃል ይመሰገናል። ራማቱላይን የሚያንገበግባት ይሄ ነው፣ ከሞቱ እኩል። ቀጥላ ስለ ገንዘቡ ትጽፋለች፣ ድሮ ለቀስተኛ እህል፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ከብት ይዞ ይመጣ ነበር፣ አሁን ግን ብር ሆነ፣ ማን ስንት እንደሰጠ ደብተር ላይ ይመዘገባል ምክንያቱም ነገ የሚመለስ ብድር ነው፣ እና በመጨረሻ የባል ቤተሰብ ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል፣ ሃዘንተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀራሉ።

የኛን ሰፈር ለቅሶ ያየ ሰው ይሄን ሲያነብ ሴኔጋል መሆኑን ይረሳዋል። እኔ ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት ሰፈራችን ውስጥ የሞቱ አንድ ሰውዬ ናቸው። ጓዳ ሽንኩርት ከሚልጡት ጋር ነበርኩ፣ ድንኳኑ ፊት ለፊት ይታየናል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ማንም የማያውቃት ሴት ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ በእጇ ይዛ ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ልጁ ሰውዬውን ቁርጥ ነው፣ ግንባሩ፣ ጆሮው ሳይቀር። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ቢላ የያዘ እጃቸው ቆመ። ሚስትየው ፍራሽ ላይ ነበሩ፣ ቀና ብለው አዩዋትና መልሰው አቀረቀሩ፣ የሟች እህቶች ግን «ምን ዓይን አላት ደግሞ!» እያሉ ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ፣ ሴትየዋ አልገባችም አልሄደችም፣ ልጁ ጫማውን እያየ ነው። ከዛ ጥግ ላይ የነበሩ አሮጊት፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉና ባዶውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ገብታ ተቀመጠች። ማታ ለቀስተኛው ሲቀንስ ሴቶቹ እማማን ሲወቅሷቸው «እና ልጁ ቆሞ ይዋል?» ብቻ ነው ያሉት።

ያን ቀን ስለ ሰውዬው አንድ ክፉ ቃል የተናገረ የለም። ሙት አይወቀስማ። ነገሩ ሁሉ ወደ ሴትየዋ ዞረ፣ ትንሽ ደግሞ ወደ ሚስትየው፣ «ባሏን መያዝ አቅቷት» ያሉም አልጠፉም፣ ያሉት ደግሞ ሴቶች ናቸው።

የሴት ጠላቷ ሴት ናት የሚባለውን ስሰማ ስላደግኩ ይሄን መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ እንደዛ ነው ያነበብኩት። እንደዛ ለማንበብም ይመቻል። የአይሳቱን ትዳር ያፈረሱት አማቷ ናቸው። አክስት ናቡ ይባላሉ፣ ሲን የሚባለው የድሮ የሴኔጋል መንግሥት ነገሥታት ዘር ነኝ የሚሉ፣ ደማቸውን የሚቆጥሩ ሴት። አንድ ወንድ ልጃቸው ማውዶ ሐኪም ነው፣ ወዶ ያገባት አይሳቱ ደግሞ የወርቅ ሰሪ ልጅ ናት። እዚህ ጋ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ደፍቼ ቆየሁ። በኛ አገር ጠይብ የሚባለው ቃል ምን ያህል ቤት እንዳፈረሰ የማያውቅ የለም፣ አጤ ምኒልክ ብረት ሰሪውን ጠይብ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር የደረሱበት ነገር ነው፣ አያቴ ራሳቸው ስለ አንድ የሰፈራችን ቤተሰብ ሲያወሩ እዛ ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። የወርቅ ሰሪውን የእጅ ሥራ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ወርቁን ማለቴ ነው፣ ልጁን ግን ለልጃቸው አይሹም።

እና አክስት ናቡ ምን አደረጉ፣ አልተሳደቡም፣ ጠብም አላነሱም። ወንድማቸው አገር ሄደው ቤቴ ባዶ ነው አንድ ልጅ ስጠኝ ብለው በሳቸው ስም የምትጠራውን የወንድማቸውን ልጅ ይዘው መጡ። አሳደጓት። ተረት እየነገሩ፣ ስለ ዘሯ እያወሩ፣ ትምህርት ቤት አስገብተው፣ የአዋላጅነት ትምህርት አስጨርሰው። ከዛ አንድ ቀን ማውዶን ጠርተው ወንድሜ ልጁን ላንተ ሰጥቶሃል፣ እምቢ ብትል ሃፍረቱ ይገድለኛል አሉት። ይሄ ሁሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቡት! ያስፈራኝ ጥላቻቸው አይደለም፣ ያቺን ልጅ ከልባቸው መውደዳቸው ነው። ማሪያማ ባ ይሄን አልደበቀችም፣ ራማቱላይ ራሷ ትንሿን ናቡን በክፉ አታነሳትም፣ ሆስፒታል ውስጥ እንዴት እንደምትለፋ በአክብሮት ነው የምትጽፈው። ማውዶ ደግሞ እናቴ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው፣ የምወደው አይሳቱን ነው ይላል፣ ይላል እንጂ ከልጅቷ ልጅ መውለዱን ቀጠለ።

የቢኔቱ እናት ሌላ ዓይነት ናት። ድሃ ናት፣ በድህነት የመረራት። ሽማግሌው ሞዱ ልጇን ሲፈልግ ቪላ፣ የወር ተቆራጭ፣ ወደ መካ ጉዞ ቃል ገባ፣ እሷ ደግሞ ልጇ እግር ስር አልቅሳ ለመነች፣ እውነተኛ ቤት ውስጥ ሳልኖር አልሙት ብላ። ቢኔቱ ከትምህርት ወጣች። ለዚህ ሞዱ በወር 50,000 ፍራንክ ይቆርጥላት ነበር፣ ልክ እንደ ደሞዝ። እናትየው ሃጂ ሆነች፣ መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚወርድ ቧንቧ አገኘች። እኔ በዚች ሴት ልፈርድባት ብዬ አቃተኝ፣ ውሃ በባልዲ እያሞቀ ያደገ ሰው ያቺን ቧንቧ ያውቃታል። ግን የዋጋው ነገር አለ፣ የከፈለችው ልጅቷ ናት። ያ ቪላ የተገዛው ደግሞ ራማቱላይና ሞዱ ሁለቱም ቆጥበው የሰሩትን ቤት ባንክ አስይዞ በተበደረው ብር ነው፣ ካርታው ላይ ያለው የሱ ስም ብቻ ስለነበር። ስለዚህ የቢኔቱ እናት የራማቱላይን ጣራ ገብታበታለች። ፈርሞ ያስያዘው ግን ማነው? መጽሐፉን ሁለተኛ ሳነብ ያየሁት ይሄን ነው፣ በየገጹ ሴት ሴትን ትጎዳለች፣ ፊርማው የወንድ ነው። አክስት ናቡ ቢለምኑም እሺ ያለው ማውዶ ነው። ይሄን ስል ሴቶቹ ንጹህ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ አክስት ናቡን ማንም አላስገደዳቸውም፣ መጽሐፉም አያስመልጣቸውም። ዳባም ብትሆን አባቷ ሲሞት የቢኔቱን እናት ከዛ ቪላ ስታስወጣት ሴትየዋ ስታለቅስ አልራራችም፣ እኔ የልጅሽ ጓደኛ ነበርኩ፣ አንቺ የእናቴ ጣውንት አደረግሻት አለቻት። ያን ስታነቡ እሰይ ትላላችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሴትየዋ ዕቃዋን ይዛ የት ሄደች ትላላችሁ።

ግን ሌሊቱን ያስነቃኝ ይሄ አልነበረም። መኪናዋ ናት።

ሁለቱ ጓደኛሞች ላይ የደረሰው አንድ ነው፣ የሁለቱም ባል ላያቸው ላይ አገባ። አይሳቱ ደብዳቤ አልጋ ላይ ትታ አራት ወንድ ልጆቿን ይዛ ወጣች፣ አስተርጓሚነት ተማረች፣ አሜሪካ የሴኔጋል ኤምባሲ ገባች። ራማቱላይ ቀረች። ልጆቿ ውጪ እያሏት፣ ዳባ እየተቆጣቻት፣ ቀረች። ሞዱ ግን ከዛች ቀን በኋላ ተመልሶ አልመጣም፣ ስለዚህ መቅረቷ ከባል ጋር መቅረት እንኳን አልሆነም፣ መብራትና ውሃ ልትከፍል ትሰለፋለች፣ ሲኒማ ብቻዋን ስትገባ ሰው ያፈጥባታል፣ ልጆቿ በአውቶብስ ሲጋፉ ቢኔቱ በአዲስ መኪና ሽው ትላለች። ይሄን ለአይሳቱ ጻፈችላት። አይሳቱ ለምን አትፈቺም አላለቻትም። እኔን እይኝ አላለቻትም። መኪና ገዛችላት። ፊያት 125፣ ክሬም ቀለም። ራማቱላይ መሪ መያዝ ፈርታ ፈርታ ተማረች፣ መንጃ ፈቃዷን አወጣች።

እኔም ጓደኛ አለችኝ። አንድ ግቢ ነው ያደግነው፣ የግድግዳችን ጭቃ አንድ ነው፣ የወተት ጥርሳችን ሲወልቅ አንድ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ነው የወረወርነው። ራማቱላይና አይሳቱም ጥርሳቸውን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው የቀበሩት፣ እዛ መስመር ላይ ነው መጀመሪያ ያለቀስኩት። የኔ ትዳር በአራተኛ ዓመቱ ፈረሰ፣ ወጣሁ፣ ከባድ ነበር ግን ወጣሁ። የሷ ባል ደግሞ ውጪ ልጅ ወለደ። ስትነግረኝ እንደኔ የምታደርግ መሰለኝ፣ ጠበቃ ሳይቀር አናገርኩላት። እሷ ግን ዝም አለች፣ ቀን ይለፍ፣ ልጆቹ ትንሽ ይደጉ፣ ምናምን። እኔ ደወልኩ፣ ጨቀጨቅኩ፣ ሜሴጅ እየጻፍኩ ደብዳቤ የሚያህል ምክር ላክሁላት። አንድ ቀን ስልክ ላይ «ለራስሽ ክብር የለሽም» አልኳት። ቃል በቃል እንደዛ ነው ያልኩት። ዝም አለች፣ ከኋላዋ ድስት ሲንተከተክ ይሰማኝ ነበር፣ ከዛ «እሺ፣ ደህና ሁኚ» ብላ ዘጋችው። ከዛ በኋላ ለበዓል እንኳን አደረሰሽ ብቻ ሆነ፣ ሶስት ዓመት።

ያን ሌሊት ግን ራሴን ጠየቅኩ፣ ለምንድነው ያን ያህል የተናደድኩት? ለሷ ብዬ ብቻ አልነበረም። መቅረቷ የኔን መሄድ የሚከስ መስሎ ነው የሚሰማኝ። እሷ ከቻለችው እኔስ ያልቻልኩት ለምንድነው የሚል ጥያቄ እናቴ አፍ ላይ፣ አክስቶቼ አፍ ላይ፣ ጎረቤት አፍ ላይ ነበር፣ እና ጓደኛዬ ብትወጣ ጥያቄው አብሮ ይወጣል ብዬ አስቤ ነው። ለኔ እንድትፈታ ነው የፈለግኩት። ይሄን ለመጻፍ ዓመት ፈጀብኝ።

ስለ መኪናዋ ሳስብ የሚገርመኝ አይሳቱ ይሄ ጥያቄ የሌላት መሆኗ ነው፣ ወይም ካለባትም ጓደኛዋ ላይ አለመጫኗ። አንዷ ሄደች፣ አንዷ ቀረች፣ በመሃላቸው ትክክሏ እኔ ነኝ የሚል ደብዳቤ አልተላከም። ያየችው ጓደኛዋ በአውቶብስ መንገላታቷን ነው፣ እሱን ቀረፈችላት። እና ማሪያማ ባ ራሷ የተፋታች ሴት ሆና ታሪኩን የምትናገረውን የቀረችዋን ማድረጓ ይሄም ቀላል ነገር አይመስለኝም፣ የሄደችዋን ብዕር ለቀረችዋ ሰጠቻት።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። ሞዱ ከሞተ በኋላ ራማቱላይን ሁለት ሰው ይፈልጋታል። አንዱ የሟቹ ወንድም ነው፣ በ40ው ሰሞን ኢማሙን ይዞ መጥቶ እንደ ውርስ ዕቃ ሊወስዳት፣ እሱን የ30 ዓመት ዝምታዋን በአንዴ አፍስሳበት አባረረችው። ሁለተኛው ዳውዳ ነው፣ ከማግባቷ በፊት ጀምሮ የሚወዳት፣ ጨዋ፣ የተማረ፣ እንደ ሰው የሚያናግራት። ጎረቤቷ ፋርማታ እባክሽ እሺ በይ ብላ ትሞትላታለች፣ 12 ልጅ፣ ማን ይረዳሻል ብላ። ዳውዳ ግን ሚስት አለው። ትናንት በሴት ምክንያት ተትቼ ዛሬ እንዴት በአንተና በቤተሰብህ መሃል እገባለሁ ብላ ጽፋለት እምቢ አለች። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት የሴቶች ነገር ሁሉ እኔ ይቺን ነው ከላይ የማስቀምጠው፣ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ለሌላዋ ቦታ ስትለቅላት። እማማ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ እንዳሉት።

ለጓደኛዬ የደወልኩት መስከረም ላይ ነው። ይቅርታ አልኳት፣ እሷ «ተይው» አለች፣ ግን ድምፅዋ ውስጥ ተይው አልነበረም፣ ደግሞም መብቷ ነው። መኪና መግዛት አልችልም። ስለዚህ ምን ልሁንልሽ ብዬ ጠየቅኳት፣ በምክር ሳይሆን በእውነት ጠየቅኳት፣ እና ረጅም ዝም ካለች በኋላ «ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ብትይዢልኝ» አለችኝ። ኮርስ ጀምራለች ለካ፣ አካውንቲንግ፣ ለማንም አልተናገረችም።

ያለፈው ቅዳሜ ትንሿ እኔ ጋ ቂጣ ስትበላ ጥርሷ ወለቀ። ደም ሲመጣ ደነገጠች፣ ከዛ ጥርሷን መዳፏ ላይ አድርጋ እያገላበጠች «ጣራ ላይ እንወርውረው» አለችኝ፣ እናቷ ነግራታለች። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ጣራው የት ብዬ ልወርውረው፣ ያ ያደግንበት ግቢ ደግሞ ፈርሶ አሁን በቦታው አጥር ብቻ ነው ያለው። ለእናቷ ደወልኩላትና ነገርኳት። ሳቀች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ስትስቅ የሰማኋት፣ «ያዢው እኔ እስክመጣ» አለች። በሶፍት ጠቅልዬ መደርደሪያው ላይ ያቺ የኋላ ሽፋን የሌላት መጽሐፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ።